ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ምሥራቅ ጎጃሟ መርጡለ ማርያም የመሄድ ዕድል ቢገጥማችሁ፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያሠራችውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ፎቶግራፍ ማንሳት ያምራችኋል። ድንጋይ አያፍርም፤ ሰው ግን ያፍራል።

አንዲት እናት እንጀራ በሽሮ አቅርበው «በሞቴ ብሉ» ሲሏችሁ ካሜራ አታስቀድሙ። እጃችሁን ታጠቡ፤ ጉርሻቸውን ተቀበሉ። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ጾማቸውን አክብሩ። ከዚያ «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» በሉ። ካልፈለጉ ተዉት። ከፈቀዱ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ጠብቁ፤ ፎቶውንም አሳጥባችሁ ላኩላቸው።

ስትመለሱ ምስላቸውን ለጉባኤው «ችግረኛዋ» ሳይሆን «ያስተናገዱን እናት» ብላችሁ አሳዩ። ልታገለግሏቸው ሄዳችሁ ያገለገሏችሁ እርሳቸው ናቸውና። እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረውን ሰው መልክ ስናነሳ በአክብሮት ይሁን።