ከእርሳስ ወርቅ

ሰሞኑን ለልጆች የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ታሪካዊ ልቦለድ አነበብኩ። ዘመኑ የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ነው (እ.ኤ.አ. ከ1558 እስከ 1603)፤ እኛ ዘንድ እነ ዐፄ ሠርፀ ድንግል የነበሩበት ማለት ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ እርሳስን ወርቅ አደርጋለሁ የሚል ሽማግሌ ቤት ተቀጥሮ ወናፍ ይነፋል። ነገሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። የንግሥቲቱ አማካሪ የነበረው ምሁር ጆን ዲ የእውነት ሰው ነው። ጓደኛው ኤድዋርድ ኬሊም ወርቅ እሠራለሁ እያለ ፕራግ ድረስ ሄዶ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍን ሞገስ አገኘ፣ በኋላ ግን እስር ቤት ገባ።

5ኛ ክፍል ለምትማረው የእህቴ ልጅ ይህን ስተርክላት "እርሳስ" ስል የምትጽፍበትን አንስታ "ይሄ?" አለችኝ። ሳቅኩ። ቀጥላ ግን "ለምን ነጆ መጥተው አያጥቡም?" ብላ ጠየቀች። እውነቷን እኮ ነው! ወለጋ ወርቅ የሚገኘው ከወንዝ አሸዋ ነው፣ በገበቴ እየታጠበ። ዩብዶ ደግሞ ፕላቲኒየም አለ።

ታዲያ የእኛ ልቦለድ የት አለ? የነቀምቴው ገዢ ኩምሳ ሞረዳ፣ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1889 አባታቸውን ተክተው ለምኒልክ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይገብሩ ነበር። ቤተ መንግሥታቸው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የዘመኑ ደብዳቤዎችም ተርፈዋል። ደብዳቤ የሚጻጻፉት ግን ጌቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወርቁን ያጠበው ልጅ ደብዳቤ አልጻፈም። እኛ ክፍል ውስጥ ዜና "ማን?" ብሎ ይጀምራል ተብለናል። እዚህ ላይ "ማን?" ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም።

አንድ የክፍላችን ልጅ "ስም ፈጥረህ ልትጽፍ ነው? ያ ውሸት ነው" አለኝ። ዜና ብዬ ባወጣው አዎ፣ ውሸት ነው። ልቦለድ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ከጻፍኩ፣ ወቄቱን፣ ግብሩንና ገዢውን ካልነካሁ ግን ልጁን መፍጠር ምኑ ላይ ነው ነውሩ? ለንደኖቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ዲ የእውነት ነው፣ ወናፍ ነፊው የፈጠራ። እኔን ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው፦ ያን ሁሉ እሳት ሲያነድ የከረመው ልጅ ጣቱ አንዴ እንኳ አልተቃጠለም። የእኔው እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ያጠበውም ወርቅ የእሱ አይሆንም።

ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ስም ገና አላወጣሁለትም። የእህቴ ልጅ "ሴት ትሁን" ብላለች፤ እሺ ብያታለሁ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እያስተካከልኩ ነው።