አራቱ ረከቦቶች

መርካቶ ውስጥ የቡና ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ማጨሻ፣ ሙቀጫ፣ የከሰል ምድጃ… ሱቄ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ እኔ የምወጣባት ጠባብ ናት። ጠባብ ትሁን እንጂ ሦስት ልጅ አሳድጋለች፣ ሁለቱን ድራለች፣ የልጅ ልጅም አሳይታኛለች። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ እሷ አይደለም። የመጨረሻው ልጄ ስለሠራላት ሁለተኛ ሱቅ፣ ስለ ዌብሳይታችን ነው።

ልጄ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ከተማውን ዞረ። ጠዋት ሲወጣ ጫማውን ይወለውላል፤ ማታ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ይጋደማል። “እንዴት ዋልክ?” ስለው “ደህና” ይለኛል። እናንተም ወላጆች ናችሁና ያ “ደህና” ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

አንድ ቀን እራት ላይ “እማዬ፣ ለሱቃችን ዌብሳይት ልሥራላት። ውጭ አገር ያለ ሰው ለእናቱ የቡና ዕቃ ያዛል፤ እኔ ቤቷ ድረስ አደርስላታለሁ” አለኝ። ሲያወራ የጎረሰውን ማኘክ ረሳ። እንዲያ ሆኖ ሲያወራ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። በዚያው ሰሞን እቁብ ወጥቶልኛል። የቤቱን ጣሪያ ላስቀይርበት ካሰብኩት ገንዘብ ላይ 60 ሺህ ብር አንስቼ ሰጠሁት። ጣሪያው እስከ ዛሬ ያፈሳል።

ዌብሳይቱ በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ደረሰ። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቃዬን አንድ በአንድ ነጭ አንሶላ ላይ እያስቀመጠ ፎቶ አንስቶታል። የእኔ ጀበና እንደዚያ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። በግራ በቀኝ ላሉት ጎረቤቶቼ ሁሉ ስልኬን ይዤ እየዞርኩ አሳየሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ልጄ ሌሊት እየተነሳ ስልኩን ያያል። “ምነው አትተኛም?” ስለው “አሜሪካ እኮ አሁን ቀን ነው” ይለኛል። ሁለተኛው ወር ላይ ይህንን ማየት አቃተኝና የማልኮራበትን ነገር አደረግሁ።

እህቴ ጀርመን ትኖራለች። ደወልኩላትና “በልጁ ዌብሳይት ግቢና አንድ ረከቦት እዘዢ፤ ገንዘቡን እዚህ እኔ አስገባለሁ፤ ስሜን እንዳታነሺ” አልኳት። በጓደኛዋ ስም አዘዘች። ዕቃው የሚደርሰው ኮልፌ ለምትኖር፣ ልጄ ለማያውቃት የጥንት ደንበኛዬ ነበር፤ እሷንም ምስጢረኛ አደረግኋት። ልጄ ያንን ከባድ ረከቦት ተሸክሞ፣ ታክሲ ተጋፍቶ አደረሰ። ማታ እየዘፈነ ገባ። ያን ቀን ያወጣሁት ገንዘብ ቅንጣት አላሳዘነኝም። ስለዚህ ሌላ ጊዜ፣ ለሌላ ወዳጄ፣ ደገምኩት። ሦስተኛም፣ አራተኛም አደረግሁት።

ዌብሳይት ምን እንደሆነ ለማታውቁ እንደ እኔ ላሉ ሰዎች ልጄ ያስረዳኝን ልንገራችሁ። ዌብሳይት እንደ ሱቅ ነው። ስም አለው፤ ስሙ በየዓመቱ ይታደሳል። ፎቶውና ጽሑፉ የሚቀመጥበት ቦታም አለው፤ ለዚያ ደግሞ እንደ ሱቅ ኪራይ ይከፈላል። የእኛ አከራይ ሒሳቡን በብር ቢቀበልም የሚያሰላው በዶላር ነው፤ በዓመት 120 ዶላር። ዶላሩ 57 ብር ግድም በነበረ ጊዜ 7 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን ሲባል ግን ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለኅዳር 2017 ዓ.ም. የምንከፍለው ከ14 ሺህ ብር በላይ ሆነ።

በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የመጣው ትዕዛዝ 11 ነበር።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ትልቋ ልጄ “ይዘጋና ይረፍ፤ ጊዜውንም በላው” አለች። ባለቤቴ “60 ሺህ ብር ወጥቶበት እንዴት ይዘጋል?” አለ። ባለዌብሳይቱ ልጄ ዝም አለ። እኔ ይቀጥል አልኩ። ምክንያቴን ግን አልተናገርኩም። የፈራሁት ዌብሳይቱ ሲዘጋ ልጄ እንደገና ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ መጋደም ይጀምራል ብዬ ነው። ደግሞም አራቱን ትዕዛዝ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከ11 ላይ 4 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር እያወቅሁ “ቀስ እያለ ይለመዳል” እላለሁ።

በዚህ መሐል ጥቅምት 11 ቀን ምሽት ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሣ። የእኛ ሱቅ ከቃጠሎው ራቅ ያለች ናት። ነገር ግን ያን ሌሊት መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። እኔና ልጄ ሱቃችን ደጃፍ ቆመን ጭሱን እያየን፣ ከዕቃው ይልቅ ያስጨነቀኝ ደብተሬ ነበር። የ26 ዓመት ደንበኞቼ ስልክ፣ ጀበና የሚያቀርቡልኝ ሴቶች አድራሻ፣ ዱቤው፣ ሁሉም መሳቢያ ውስጥ ባለ አንድ ደብተር ላይ ነው ያለው። “ያ ደብተር ቢቃጠል ከየት እጀምራለሁ?” ስለው ልጄ “እማዬ፣ ዌብሳይቱን ስሠራ የደብተሩን ስልክ በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬዋለሁ። የእያንዳንዱ ዕቃ ፎቶና መለኪያም አለ” አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ነገሩ ግን ልቤ ውስጥ ቀረ።

ከቃጠሎው በኋላ በነበረው ሳምንት የከሰል ምድጃ ልረከብ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። ምን አለሽ ተራን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ቆራሌው ከየሰፈሩ “ቆራሌው!” እያለ የሰበሰበው ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ጫማ መድረሻው እዚያ ነው። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ምድጃ የሚሠራልኝ ሰው በዕድሜ ከእኔ ይበልጣልና ጋሼ ነው የምለው። የዛገ በርሜል አቁሞ ዙሪያውን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያዳምጣል።

“ጋሼ፣ ምኑን ነው የምትሰማው?” አልኩት።

“ደህናውንና የበሰበሰውን ነዋ” አለኝ። “ታቹ ተበስቷል፤ በርሜልነቱ አብቅቷል። በርሜል አድርጌ ልመልሰው ብል ስበይደው እከርማለሁ፤ ውኃ ማፍሰሱን ግን አይተውም። ጎኑ ደህና ነው። አራት ምድጃ ይወጣዋል።”

“በስንት ገዛኸው?”

“እሱማ አልፏል። እኔ የማስበው ምን እንደሚወጣው ነው።”

ወደ ሱቄ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያንን አሰብኩ። እኛ ቤት ግማሹ “በርሜሉ ይጣል”፣ ግማሹ “በርሜሉ ተበይዶ ይቀጥል” ይላል። ጎኑን ጠቅ አድርጎ ያዳመጠ ግን የለም። ለማዳመጥ ደግሞ መጀመሪያ እኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

እሁድ ቡና አፍልቼ ሁሉንም ሰበሰብኩ። ሁለተኛው ስኒ ላይ “ልጄ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ” አልኩት።

“የረከቦቱን ነው?” አለኝ።

እጄ ላይ ያለው ጀበና ሊወድቅ ነበር። “በምን አወቅህ?”

“እማዬ፣ አራቱም ሰዎች ያዘዙት ያንን ሁለት ዓመት ያልተሸጠልንን ባለ ሁለት ደርብ ረከቦት እኮ ነው። ጀርመን ያለ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ይወዳል?”

ባለቤቴ ሳቀ፣ ትልቋ ልጄ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። “ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?” አልኩት። “ደስ ብሎሽ ስታዪኝ ማበላሸት አልፈለግሁም” አለኝ። ለካስ እኔ እሱ እንዳይከፋው፣ እሱ እኔ እንዳይከፋኝ እየተሸፋፈንን ለማይሠራ ነገር ኪራይ ስንከፍል ኖረናል።

ከዚያ ወረቀት ይዘን እውነተኛውን ቁጥር ጻፍን። ከ11 ትዕዛዝ 4ቱ የእኔ፣ 5ቱ የዘመድና የዘመድ ጓደኛ፣ 2ቱ ብቻ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። እኔ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ልጄ ግን ሌላ ቁጥር ይዞ ቆይቷል። “ፎቶውን አይተን ነው” ብለው ሱቁ ድረስ የደወሉ ሰዎች 43 ነበሩ። አብዛኞቹ ከውጭ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር የደወሉ፣ ልጃቸውን የሚድሩ እናቶች ነበሩ።

የበሰበሰው የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። ዌብሳይቱ ለማዘዝ የመንገድ ስምና የፖስታ መለያ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። የእኛ ሰው አድራሻው “ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊው በር” ነው፤ ፖስታችንም የሚመጣው በሳጥን ቁጥር እንጂ ቤት ለቤት አይደለም። ውጭ ያለው ሰው በካርዱ እንዲከፍል የሚያስችል መንገድ አልነበረንም። ዋጋው አንድ ቃል ነው፤ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ዋጋ ሲጠራ ነው ገና ወሬው የሚጀመረው። ከሁሉ የባሰው ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ፊደሉ ቸግሮን አይደለም። “ለምን በአማርኛ አልጻፍከውም?” ስለው “ቁም ነገር አይመስልም ብዬ” አለኝ። ልጄ የሠራው እሱ ያየውን የፈረንጅ ሱቅ እንጂ የእናቱን ሱቅ አልነበረም።

ደህናው ጎንስ? ፎቶዎቹ ደህና ናቸው። የስልክ ዝርዝሩ ደህና ነው። ሰው የለመደው ስሙም ደህና ነው። ስለዚህ መሸጫውን ዘጋነው። ስሙን ብቻ አደስንና አንድ ገጽ አስቀረን። በአማርኛ ሱቁ የት እንዳለ፣ ከየት ታጥፎ እንደሚገባ፣ ስልካችን ስንት እንደሆነ ይናገራል። ፎቶዎቹን ወደ ቴሌግራም ቻናል አዛወርናቸው፤ እናቶቹ እዚያ ያያሉ፣ ይደውላሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከተስማማን በቴሌብር ይልካሉ። የዓመት ወጪያችን ከበፊቱ ከሩብ በታች ሆነ። የደብተሩንም ግልባጭ ልጄ በሁለት ቦታ አስቀምጦልኛል።

እኛ ያለንበት ሰፈር ራሱ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሐበሻውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ያመጣው ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ነበር። ጣሊያን ሄደ። ነጋዴው ያንን የመለያየት ሐሳብ ጥሎ፣ ቦታውንና ስሙን ይዞ ዛሬ የምናውቀውን መርካቶ አደረገው።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። ሀብታም ሆነናል ብዬ አልዋሻችሁም። ልጄ ቋሚ ሥራ ገና አላገኘም። ለሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ግን ተመሳሳይ ገጽ ሠርቶ ተከፍሎታል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ፣ ደንበኛው ሲገባ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሲያዳምጥ አየሁት። ያንን በ60 ሺህ ብር ተምሮታል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ባለቤቴ ግን ጣሪያው ሥር ባልዲ ሲያስቀምጥ አሁንም ቀና ብሎ ያየኛል።

እናንተም ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ የመጀመሪያ ሙከራውን ይዞ ተቸግሮ ከሆነ፣ “ተወው” ወይም “በርታ” ከማለታችሁ በፊት ወረቀት ይዛችሁ እውነተኛውን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። በፍቅር የደበቃችሁት ካለ መጀመሪያ እሱን አውጡ። እኔ ልጄን የረዳሁት መስሎኝ ሁለት ዓመት ውሳኔውን ከእጁ ወስጄበታለሁ። እውነቱን በያዘ ጊዜ ግን ምኑን ቆርጦ እንደሚጥል ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር።

ከባለ ሁለት ደርቡ ረከቦት አንድ ቀርቶናል። ልጄ ፎቶውን ቻናሉ ላይ ለጥፎ ዋጋውን ቀነሰው። እህቴ ከጀርመን ደውላ “ልዘዘው?” አለችኝ። “ተይው፤ የሚገዛው ሰው ራሱ ይምጣ” አልኳት።