ስለ ድባቴና ስለ ወንዶች ዝምታ

የድባቴ ደዌ በዳሪሙም ሆነ በመቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ስሙን ይዞ አይመጣም፤ ሴቲቱ ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ አሥራ «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች፤ ባለሙያው ታግሦ ከጠየቃት ዕንባዋ ቀድሞ ይመልስለታልና ሕመሟ ይታወቅላታል፤ ካልታገሣት ግን የራስ ምታት ኪኒን ይዛ ትመለሳለች።

ባሏ እዚያ ደጅ አይደርስም። ቡናው ቀልቶ ሳለ እጁ ለለቀማ የማይነሣ፣ በጥቂት ነገር ልጆቹን የሚቆጣ፣ ሲመሽ ከአረቄ ቤት የማይታጣ ሰው በሰፈሩ ዘንድ «ጠባዩ የተበላሸ» እንጂ ሕሙም ተብሎ አይቆጠርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ድባቴ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በግማሽ ያህል በዝቶ እንደሚገኝ ይናገራል፤ የወሊድ ወራት ድካም፣ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ግፍ፣ ማብቂያ የሌለው የኑሮ ሸክም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸውና የእናቶቻችንን መከራ ማሳነስ ከእኔ ይራቅ። ሆኖም በዓለም ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉት ወንዶች ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጣሉ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናትም ቁጣንና መጠጥን ከተለመዱት ምልክቶች ጋር ደምሮ ቢመረምር፣ በሁለቱ ጾታዎች መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። እንግዲህ ጉድለቱ ከመስፈሪያውም ነው።

ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚል ሁሉ ነቢዩ ኤልያስን ያስብ፤ በቀርሜሎስ ድል ካደረገ በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን የለመነው እርሱ ነው፤ መልአኩም አልገሠጸውም፤ ተኝቶ ሳለ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት።

የዛሬው ሕክምናም ከዚህ ርኅራኄ አይርቅም። ሕመሙ ላልጸናበት የምክር ሕክምና ይበቃው ይሆናል፤ ለጸናበት ፍሎክሲቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ይታዘዛል። እነዚህ መድኃኒቶች ብርታታቸውን የሚያሳዩት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ነውና «አልሠራልኝም» ብሎ በሦስተኛው ቀን መጣል፣ ወይም ቀለል ሲል ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ ትልቅ ጉዳት ነው፤ አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከአረቄ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ጠበል የሚጠመቅም ኪኒኑን ይዋጥ፤ ሐኪምን አክብር የሚለው መጽሐፈ ሲራክ ከቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ ነውና። ቀድሞ ለአገሩ ሁሉ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ይህም ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ነው፤ አሁን ግን በመቱ ካርል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ያ የሚቆጣው ባላችሁ ወይም ወንድማችሁ ብቻውን አይሄድምና ይዛችሁት ሂዱ። እናንተም የጤና ባለሙያዎች፣ ወንዱን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መጠጡ፣ መሞትንም አስቦ እንደ ሆነ በግልጥ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም።