«ለምታውቁት ሁሉ ላኩ!»

ያ ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አራት ኪሎና ፒያሳ ባሉ ኢንተርኔት ቤቶች ደጃፍ ቆመን ተራ እንጠብቃለን። ሞደሙ ይጮኻል፣ ያፏጫል፣ ያጓራል፤ ድንገት ዝም ሲል «ገባ! ገባ!» ብለን እንፈነጥዛለን። ሂሳቡ በደቂቃ ስለሆነ ያሁ ወይም ሆትሜይል እስኪከፈት ዓይናችን ከሰዓቱ አይነቀልም። ኢንቦክሱ ተከፍቶ አንድ ያልተነበበ መልእክት በደማቁ ተጽፎ ሲታይ ግን የሂሳቡ ነገር እርግፍ ነው። ሰው አስቦናል! ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከቴል አቪቭ አንድ ዘመድ ስማችንን አስታውሶ ጽፎልናል!

ስንከፍተው «ኤፍ ደብሊው፣ ኤፍ ደብሊው፣ ኤፍ ደብሊው» ይላል፤ ከሌላ ሰው ተላልፎ የመጣ ማለት ነው። ገጹን እስከ ግማሹ የሞላው የማናውቃቸው ሰዎች አድራሻ ነው። ደብዳቤው ባለፈበት እጅ ቁጥር ከየመስመሩ ፊት የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት ይጨመራል፤ ምልክቱ ጽሑፉን ወደ ቀኝ እየገፋ፣ እየገፋ፣ በመጨረሻ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይቀራል። ያን ሁሉ ወርደን ወርደን ስንደርስ ትልቁ የምሥራች ይጠብቀናል፤ ቢል ጌትስ ገንዘብ ሊያድለን ነው!

ይህ ደብዳቤ በ1997 መገባደጃ ላይ አሜሪካ ውስጥ ተነስቶ ዓለምን የዞረ ነው። የጻፈው ራሱ ቢል ጌትስ ይመስላል። «ኢሜይል የሚከታተል ፕሮግራም እየሞከርኩ ነውና ይህን ለምታውቁት ሁሉ ላኩ፤ 1,000 ሰው ሲደርስ እያንዳንዳችሁ 1,000 ዶላርና አንድ ዊንዶውስ 98 ታገኛላችሁ» ይላል። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ብዙ ሺህ ብር! አንዱ ጓደኛችን ኮምፒውተር ሊገዛበት፣ ሌላው እናቱን ኢየሩሳሌም ሊያሳልምበት አቅዶ ነበር። ይኸው ዛሬም ሳስበው ያ የደስታ ጫጫታ በጆሮዬ ይመጣል። ኢሜይል ግን እንደዚያ አይሠራም። አንድ ሰው ደብዳቤ ሲያስተላልፍ ከእሱ ዘንድ አዲስ ደብዳቤ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ የት እንደደረሰ የሚያይበት መስኮት የለውም። ስንት ሰው ዘንድ እንደደረሰ የሚቆጥርም አልነበረም።

ከእሱም በፊት በ1994 «ጉድ ታይምስ» የሚባል ማስጠንቀቂያ ነበር። በዚህ ርእስ ኢሜይል ከመጣ እንዳትከፍቱት፣ ማንበብ ብቻውን ኮምፒውተራችሁን ያወድመዋል የሚል። የዚያ ዘመን ኢሜይል ደረቅ ጽሑፍ ነውና ተነብቦ ምንም አያወድምም፤ ቫይረሱም ፈጽሞ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ግን ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከአገር ወደ አገር ተባዛ። ያባዙት ወዳጆቻቸው እንዳይጎዱ የሳሱ ሰዎች ናቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ የሐሰት ደብዳቤ ነዳጁ ፍቅር ነው! ክፉ ሰው አንድ ጊዜ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሙሉ የሚሸከሙት ደጋጎች ናቸው።

የሁሉም ቁንጮ ግን ድቡ ነው። አቤት ድቡ! በ2002 የመጣው ኢሜይል እንዲህ ይላል፦ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ቫይረስ አለ፤ ኖርተንና ማክአፊ የሚባሉት ፀረ ቫይረሶችም አያገኙትም፤ 14 ቀን ተኝቶ ይቆይና ይነሳል፤ ምልክቱ ትንሽ የድብ ሥዕል ነው፤ ፈልጋችሁ አጥፉት፤ በአድራሻ ደብተራችሁ ላለ ሰው ሁሉ ንገሩ። የፋይሉ ስም አናባቢ የሚባል ነገር የሌለው፣ ጄ፣ ዲ፣ ቢ፣ ጂ፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚል የተነባቢ ሰልፍ ነበር። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ሰርች» ብሎ ስሙን አንድ በአንድ ለቀመ፤ ማሽኑ እያቃሰተ ፈለገ፤ ስክሪኑ ላይ እውነትም አንዲት ግራጫ ድብ ብቅ አለች! ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይም አለች። ሦስተኛውም ላይ። ባለቤቱ ጋሼ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፤ ልጁም ሊያጠፋት ጣቱን ዘረጋ።

አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከጥግ ተነሳች። «ቆይ እስቲ፣ ጋሼ፣ ያ ትናንት የመጣው አዲሱ ኮምፒውተር ከመስመር ጋር ተገናኝቷል?» አልተገናኘም፤ ፕላስቲኩ እንኳ ገና አልተላጠም። «እንግዲያው እሱን እንክፈተው» አለች። ሁላችንም ከበብናት። ተከፈተ፣ ተፈለገ፣ ድቧ ቁጭ ብላለች! ኢሜይል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ኮምፒውተር ውስጥ! ልጅቱ ሳቀች፤ «ቫይረስ አይደለችም፤ ከዊንዶውስ ጋር አብራ የምትመጣ ናት፤ የጃቫ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይጠቀሙባታል።» እልልታው ነው የቀረን! የተንኮሉ ብልሃት ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። ደብዳቤው ማስረጃውን አስቀድሞ ከየቤታችን አስቀምጦልን ነበር፤ የፈለገ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚያገኛት የሚያምነው ብዙ ነበር።

ከዚያ ያደረገችውን አልረሳውም። ለላከልን ሰው መልስ ጻፈች። ለሁሉም መልስ የሚለውን አልነካችም፤ ለእሱ ብቻ። በመጀመሪያ ሰላምታ፣ ስለ ጤንነቱ ጥያቄ፣ ስላሰበልን ምስጋና፤ ከዚያ በሁለት መስመር እውነቱን፤ ቀጥሎ «አንተም ለላክህላቸው ብትነግራቸው» የሚል ትሑት ልመና። ሰውየው አላፈረም፣ አልተቀየመም፤ በማግሥቱ አመስግኖ መለሰ!

አንዳንዱ ደብዳቤ ደግሞ እውነት የሆነ ዘር አለው፤ እሱ ከሁሉ ይከብዳል። ክሬግ ሸርጎልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሕፃን በ1989 የአንጎል ዕጢ ታመመ። ወዳጆቹ በመልካም ምኞት ካርድ ብዛት ጊነስ መዝገብ ላይ ስሙን ሊያሰፍሩለት ዓለምን ለመኑ፤ ካርዱ በሚሊዮን ጎረፈ፤ ክብረ ወሰኑም ተሰበረ። ከሁሉ የሚያስፈነድቀው ግን በ1991 አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ ላይ በቀዶ ሕክምና ዕጢው ከሞላ ጎደል ወጥቶለት ልጁ መዳኑ ነው። አደገ፣ ጎረመሰ፣ እስከ 2020 ኖረ። ልመናው ግን ከወረቀት ወደ ኢሜይል ተሻግሮ፣ የልጁ ስም እየተጣመመ፣ እሱ ጎልማሳ ከሆነ በኋላም «ሊሞት የቀረበ ሕፃን» እያለ ዞረ። ደብዳቤው ላይ ቀን አልተጻፈበትማ! ቀን የሌለው ደብዳቤ ደግሞ አያረጅም። «ዛሬ ተነገረ»፣ «ከነገ ጀምሮ» ይላል፤ የትኛው ዛሬ? እኔ እስከ አሁን አንድ መልእክት ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምፈልገው ቀኑን ነው፤ ቀጥሎ «አረጋገጡ» የተባሉት ሊቃውንት በራሳቸው ድረ ገጽ ይህንኑ ማለታቸውን።

በአሜሪካ የዲቪ ቪዛ ዕጣ ዘመን ይህ ልማድ ስንቱን ሰው ባዳነ ነበር! ማመልከቻው ከ2003 ጀምሮ በኢንተርኔት ሲሆን «ዲቪ ደርሶዎታል፤ ክፍያውን በሐዋላ ይላኩ» የሚል ኢሜይል ተከትሎ መጣ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ዕጣ መውጣቱን በኢሜይል አያበስርም፤ ገንዘብ በሐዋላ ላኩም አይልም። አመልካቹ ራሱ በመንግሥት ድረ ገጽ ገብቶ ነው የሚያየው።

አሁን ደግሞ እዩት! ያኔ ተራ የጠበቅንለት ነገር ሁሉ ኪሳችን ገብቷል። ኤፍ ደብሊው ቀርቶ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ተተክተዋል፤ እንዲያውም ዋትስአፕ ብዙ እጅ ያለፈ መልእክት ላይ ድርብ ቀስት ያደርግበታል፤ ከ2019 ወዲህም ማንኛውንም መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ አያስተላልፍም። ያን የቀስት ምልክት ሰልፍ የምናስታውስ ሰዎች ድርቡን ቀስት ስናይ እንደ ድሮ ጎረቤት ነው የምናውቀው!

የቤተሰባችን ቡድን ውስጥ ደግሞ አክስቴ እቴቴ አለች። ኮሮና በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያድናል የሚለው መልእክት ስልኳን አጨናንቆት ነበር። ያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ መጻፉን አብረን ቁጭ ብለን አነበብን። ከዚያ ቀን ወዲህ እቴቴን ማን ያቁማት! የመጣላትን ሁሉ ትመረምራለች።

በቅርቡ ያ የታወቀው መልእክት ከእድር ጓደኛዋ መጣላት። ዛሬ ከሌሊቱ 6:30 እስከ 9:30 አደገኛ የጠፈር ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፣ ናሳም ተናግሯል፣ ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ ይላል። በእንግሊዝኛ ዓመታት የዞረ ነው፤ ሰዓቱ ሳይቀር በእኛ አቆጣጠር ተገልብጦ መጥቷል! እቴቴ አላስተላለፈችውም። ቡድናችን ላይ የድምፅ መልእክት ላከች፤ «እስቲ ልጆች፣ ይሄ 6:30 የየት አገር ሌሊት ነው? የእኛ ሌሊት ሲሆን ዋሽንግተን ፀሐይ አይደለም እንዴ? ጨረሩ አዲስ አበባን ሰዓት ጠይቆ ነው የሚያልፈው?»

የዋሽንግተኗ ልጇ ከሥራ ቦታዋ የመስኮቱን ፀሐይ ፎቶ አንስታ ላከች። የስቶክሆልሙ አጎቴ በጭብጨባ ቡድኑን ሞላው። እቴቴ ለእድር ጓደኛዋ ለብቻዋ ደውላ፣ ስለ ወገቧ ሕመም ጠይቃ፣ ልጇ ስላለችበት ሁኔታ ተጨዋውታ፣ በመጨረሻ ነገሩን እንደነገረቻት ሰማን። ጓደኛዋም እግዜር ይስጥሽ ብላ ከእድሩ ቡድን ላይ አነሳችው። እቴቴም ወደ እኛ ተመልሳ፣ «በሉ አሁን እደሩ፤ ስልካችሁን እንዳታጠፉ፣ ነገ በጠዋት እደውላለሁ» አለች።