አባባ የተወልን

አባባ ካረፈ ወዲህ ቡራዩ ያለው ቤታችን ማለዳው ሌላ ሆኗል። ዶሮ ሲጮኽ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ውዳሴ ማርያም ይደግም ነበር፤ የሰኞን በሰኞ፣ የማክሰኞን በማክሰኞ። እኛን ግን «ጸልዩ» ብሎ ተቆጥቶን አያውቅም። የማርያም ጽዋ ተራው ሲደርሰው እማዬ ጠላውንና ዳቦውን ታሰናዳለች፤ እሱ በር ላይ ቆሞ የኔ ቢጤውን ከማኅበርተኛው እኩል ያስቀምጣል። ለእኔ ከስብከት ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ጌቴሴማኒ ገዳም ወሰደኝ። ሴቶች መነኮሳት ቅኔ የሚማሩበት ቦታ መሆኑን ነግሮኝ፣ «አንቺም ትችያለሽ፣ ልጄ» አለኝ። ያንን ቃል ይዤ ነው ዳዊት የደገምኩት።

የአባባን ጽዋ እኔ ተቀብያለሁ። ሱሉልታም ሰበታም ያላችሁ ማኅበርተኞቹ፣ በ21 ቤታችን እንጠብቃችኋለን።