በልደታ አየር የሚያስገባ የገበያ ሕንፃ

አዲስ አበባ ውስጥ የልጅ ልጆችን ይዞ የሚኬድበት ቦታ ሲቸግር ብዙዎቻችን ወደ ገበያ ሕንፃዎች እንሄዳለን። ዛሬ ግን ሱቆቹን ሳይሆን ሕንፃውን እንድታዩ ወደ ልደታ ልውሰዳችሁ።

ስሙ ልደታ መርካቶ ይባላል። ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል ነው፤ ንድፉን የሠራው የባርሴሎናው አርክቴክት ዣቪየር ቪላልታ ነው። እንደ ሌሎቹ በመስታወት አልተሸፈነም። የውጭ ግድግዳው እንደ ጥልፍ የተበሳሳ ነው፤ ቅርጹም ከአገራችን የጨርቅ ጥለት የተቀዳ ነው። ቀዳዳዎቹ ለጌጥ ብቻ አይደሉም። ብርሃን ያስገባሉ፣ ኃይለኛውን ፀሐይ ይከለክላሉ፣ አየር ያዘዋውራሉ። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ በመካከሉ ክፍት ቦታ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእግሩ ቀዝቃዛው ይተካል። ለዚህ ሥራ የሚከፈል የመብራት ሂሳብ የለም።

በነርስነት ዘመኔ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ወደተኙበት ክፍል ስንገባ መጀመሪያ የምናየው መስኮቱ መከፈቱን ነበር። አየር የማይዘዋወርበት ቤት በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ የሕንፃ ነገር የመብራት ሂሳብ ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

የእህቴ ልጅ ዙሪያውን መስታወት በሆነ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። መስኮቱ አይከፈትም። መስታወት የፀሐዩን ብርሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ውስጥ ገብቶ ሙቀት የሆነውን ግን እንደ ገባ አያስወጣውም። ከሰዓት በኋላ ሱቋ ይግላል፣ ኤሲው ያለ ዕረፍት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ የነዳጁ ድርሻም ከኪራዩ ጋር ይደመርባታል። ማታ ራሷን ይዛ ትገባለች።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። እዚህ ጥላና ነፋስ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። የተሠራውንም ማሻሻል ይቻላል፦ የታሸገውን መስኮት የሚከፈት ማድረግ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ከውጭ ጥላ ማበጀት፣ የድሮውን አምፖል በኤልኢዲ መለወጥ።

ልጆቻችሁ ሱቅ ወይም ቢሮ ሊከራዩ ሲሉ አብራችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ይሁን። መስኮቱን ክፈቱ፣ ግድግዳውን ዳስሱ፣ የጄኔሬተሩን ወጪ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። የልጅ ልጆቻችሁን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የበሩትን አምፖሎች እንዲቆጥሩ አድርጓቸው።