ስድስት ወር አቃተን

ስድስት ወር ብቻ ነበር! በዚህ በለንደን ለአንዲት ጠባብ ክፍል ኪራይ እንኳ ከዚያ የረዘመ ውል እንፈርም የለ? የሳንባ ነቀርሳን የሚያድን መድኃኒት እጃችን ገብቶ ነበር። በነጻ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም የሌለውም እኩል ይታከማል። ካስፈለገም ክኒኑን ስትውጥ አጠገብህ የምትቆም ነርስ ትመደባለች። ሌላ ምን ቀረብን?

ይህ መድኃኒት እንዲህ በቀላሉ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1948 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን የነቀርሳ መድኃኒት የሙከራ ውጤት ሲያወጣ፣ በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሕሙማን 4 ሞተው ነበር። አልጋ ላይ እንዲያርፉ ብቻ ከተደረጉት 52 ደግሞ 14። ያም ሆኖ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደው፤ ሌላ መጨመር ግድ ሆነ። ዓመት ተኩል ይፈጅ የነበረው ሕክምና ወደ ስድስት ወር እንዲያጥር ከ1970 አንስቶ በሙከራው ያለፉት የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያና የዛምቢያ ሕሙማን ናቸው። የእኛው የአፍሪካ ወገኖች! እነሱ በገዛ ሰውነታቸው ከፍለው ያሳጠሩልንን ሕክምና እኛ በሁለተኛው ወር ጣልነው።

ለምን? ስለተሻለን። ሳሉ ተወን፣ የሌሊቱ ላብ ቆመ፣ ምግብ ጣመን። «ድኛለሁ» አልን። የቀረው ክኒን ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ተወሸቀ። ሳንባ ውስጥ አድፍጦ የቀረውን ማን አሰበው?

እኛ ስል ታማሚውን ብቻ አይደለም። አስተርጓሚዎቹ፣ ጋዋን የለበስነው፣ የንስሐ አባት የተባልነው፣ ሁላችንም አለንበት። ከክኒኖቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን ብርቱካንማ እንደሚያደርግ ለታማሚው ማን ነገረው? ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያንን ቀለም ሲያይ «ኩላሊቴን ጨረሰው» ብሎ አቆመ። እኛስ? «ምክር አይሰማም» ብለን ጻፍን። አንድ ቃል ቀድመን ብንነግረው ይበቃው ነበር! አብረውት የሚኖሩት እንዳያዩበት ክኒኑን ትራስ ሥር ሲደብቅ፣ በሽታውን ነውር ያደረግንበት እነማን ነን? «ተወውና ጠበልህን ጠጣ» ሲሉት አጠገቡ ተቀምጠን ዝም ያልነውስ? የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉና የኤችአይቪ መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሰምተናል። ሰምተን ለዚህኛው ሕመም አላዋልነውም።

ምልክቱንም አይተን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዚሁ በሰሜን ለንደን አይሶኒያዚድ የተባለው መድኃኒት የማይበግረው ነቀርሳ ተነሥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዘ። ሕክምናው በየመሐሉ እየተቋረጠ ወረርሽኙን መግታት ዓመታት ፈጀ። ከዚህ በላይ ማን ይንገረን?

ከ1948 በፊት በዚህ በሽታ ያለቁት ምን ያድርጉ? መድኃኒት አልነበራቸውም። እኛ ግን ነበረን! ክኒኑ ነበረን። ሐኪም ነበረን። ነርሷ በራችን ላይ ቆማ ደወል ስትደውል፣ መብራት አጥፍተን «የለም በሏት» ያልነው እኛው ነን!